ባለ አንድ ስለቷ ፑንታ

በላይነሽ በዚያ ረቡዕ ለዮሲ እውነቱን ስትነግረው ታምነው ነበር ወይስ ታታልለው? ብዙ አስቤበት መልሱን አላገኘሁም። ሰው ሲዋሽ ለምን እንደዋሸ ማወቅ አይከብድም፤ የሚፈልገው ነገር ይኖረዋል። እውነት የተናገረን ሰው ግን ምን ፈልገህ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። እሷን ራሷን መጠየቅም አያዋጣም። "አንተ ምን ይመስልሃል?" ትላለች፤ ፊቷ ላይ ደግሞ ምንም አይነበብም።

በቦንጋ ያሳወቃትም ይኸው ፊቷ ነው። የመጣችው ከቢታ ገነት ማዶ ካለ መንደር ነው። አስረኛ ክፍልን ጨርሳ ውጤት ሳይመጣላት ሲቀር፣ ወደ ቤቷ ከመመለስ ብላ በጋሽ ግዛቸው የእንጨት ሥራ ቤት ተቀጠረች። ሥራዋ ብርጭቆ ወረቀት መምታት ነበር። ለሰባት ዓመት የአልጋ እግር፣ የቁምሳጥን በር፣ የሶፋ ክንድ ስታለሰልስ ኖረች። መታወቂያ ልታወጣ በሄደች ጊዜ የጣት አሻራ የሚያነሳው መሣሪያ ጣቶቿን አላነብ አለ። ሠራተኛው ግራ ገብቶት "ምን ነካሽ?" ቢላት፣ "ሻካራ ሆኜ ነው የተፈጠርኩት፣ ቀስ በቀስ ራሴን አለሰለስኩት" አለችው። ሰውየው አንገቱን ነቅንቆ አዘነላት ይባላል።

ዮሲን ደግሞ ከዚህም በላይ አድርጋዋለች። ዮሲ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ የሕንፃ መሣሪያ መደብር አለው። ከሁለት ዓመት በፊት ከጂማ አንድ ካርቶን ውሃ ልክ አስመጥቶ ሲደረድር በላይነሽ ሚስማር ልትገዛ ገባች። ግንበኛ ግድግዳው መዛባቱን የሚያይባትን ያቺን ባለ አረፋ መሣሪያ አንስታ በበሩ ብርሃን አየቻትና ከንፈሯን መጠጠች።

"ምነው?" አላት።

"ጂማ ሜዳ ነው አይደል?"

"ታዲያ?"

"እዚያ የተለካ አረፋ እዚህ ዳገት ላይ ምን ይሆናል ብዬ ነው። ለማንኛውም ሁለት ሦስት ቀን ጠረጴዛ ላይ አስተኛቸው፤ አገሩን ይልመዱ።"

ዮሲ አስተኛቸው። ለሦስት ቀን ውሃ ልክ ሊገዛ የመጣውን ሁሉ "ገና አገሩን አልለመደም፣ ሐሙስ ና" እያለ መለሰ። በአራተኛው ቀን አንድ ግንበኛ መደብሩ ወለል ላይ ተቀምጦ እንባው እስኪፈስ ሳቀ፤ ከተማው ሰማ። የባጃጅ ሹፌሮች እስከ ዛሬ በደጁ ሲያልፉ አንገታቸውን አውጥተው "ዮሲ፣ ለመደ?" ይሉታል። ከዚያ ወዲህ ዮሲ በላይነሽ የፈለገችውን ዕቃ ላይሸጥላት፣ የተናገረችውንም ላያምን ምሎ ነበር።

የዚህ ታሪክ ነገር የተጀመረው ጋሽ ግዛቸው ራውተር ሲገዙ ነው። ራውተር በሁለት እጅ የሚያዝ፣ ሆዱ ውስጥ ሞተር ያለው፣ ከሥሩ ፑንታ የሚሉትን ባለ ስለት ብረት የሚነክስ መሣሪያ ነው፤ ፑንታው እየተሽከረከረ የሄደበትን ሁሉ ይቀርጻል። ጋሽ ግዛቸው አርባ ዓመት በመጋዝና በመላጊያ የኖሩ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ቀን ሲያስነሱት መሣሪያው ከእጃቸው ዘሎ የራሳቸውን ጠረጴዛ ጠርዝ በላው። አጠፉት፣ አስቀመጡት፣ "ወገቤን ያመኛል፣ ይህን ለወጣት ስጡ" አሉ። ወጣት የተባለችው በላይነሽ ሆነች። ያን ቀን ብርጭቆ ወረቀቱን አስቀመጠች፤ ሁለተኛም አላነሳችውም። የበር ጌጥ፣ የመስቀል ፍሬም፣ የሱቅ ስም በጣውላ ላይ፣ የመጣው ሁሉ በእጇ ማለፍ ጀመረ። ማታ ማታ ራውተሩን በጨርቅ ጠቅልላ ነበር የምታስቀምጠው። ለልጅም እንዲህ አይደረግም።

ጋሽ ግዛቸውን ሰላም የነሳቸው የማዕረግ ትእዛዝ ነው። ማዕረግ በደካ የንብ አናቢዎች ማኅበር ተላላኪም፣ ጸሐፊም፣ ሊቀመንበርም ነው ማለት ይቻላል። ማኅበሩ ቦንጋ ላይ በሚከፈት ባዛር ማር ብቻ ሳይሆን ንቦቹንም ከነሥራቸው ለማሳየት አስቦ፣ ግራና ቀኝ ግድግዳውና ክዳኑ ከጥርት ያለ ፕላስቲክ የተሠራ ቀፎ አዘዘ። ጣት የሚያህል ውፍረት ያላቸውን ሦስት የፕላስቲክ ሉሆች ማዕረግ ራሱ ከአዲስ አበባ ተሸክሞ አመጣ። አንድ ሉህ ለቀፎው ይበቃል፤ ሁለቱ ለሚቀጥለው ዓመት ነበሩ።

የመጀመሪያውን ሉህ በላይነሽ ለእንጨት በምትጠቀምበት ባለ ሁለት ስለት ፑንታ ቆረጠችው። ሉሁ ውድ ስለሆነ በጥንቃቄ፣ ቀስ ብላ፣ ትንፋሿን ይዛ ዙሪያውን ዞረች። ጨርሳ ቁራጩን ልታነሳ ስትል አልነሳ አለ። ጎተተችው፤ ሉሁ በሙሉ ተነሳ። ፑንታው ከፊት ለፊት ሲቆርጥ የቀለጠው ፕላስቲክ ከኋላ ተከትሎ መልሶ ተጣብቋል። ግማሽ ሰዓት ቆርጣ ምንም አልተቆረጠም። ከመንገዱ ላይ የቀረው እንደ ጠባሳ ያበጠ ነጭ መስመር ብቻ ነው።

"ስለቱ አነሰ እኮ ነው፣ አንቺ ልጅ" አሉ ጋሽ ግዛቸው። "ብዙ ጥርስ ያለው መጋዝ ጥሩ አድርጎ ይቆርጥ የለ? ባለ አራት ስለት አምጪ። ከዚያ ቀስ፣ ከእስካሁኑም ቀስ።"

ሁለተኛውን ሉህ ራሳቸው ቆመው አስቆረጧት። አንድ ክንድ ሳይሄድ ጭስ ወጣ፣ የሚከረፋ ሽታ ቤቱን ሞላው፣ ፑንታው የተታኘከ ማስቲካ የመሰለ ነገር ተጠቅልሎበት ቀጥ አለ። በላይነሽ ሉሁንም አየችው፣ ጋሽ ግዛቸውንም አየቻቸው። እሳቸው ግን ጥፋቱን ለመሣሪያው ሰጡት።

"ይሄ ማሽን ከመጣ ሰላም የለኝም። ጊምቦ ያለ አንድ ሰውዬ ልግዛው ብሎኛል። ሦስተኛው ሉህ ከተበላሸ እሸጥለታለሁ፤ ቤቱ ወደ አልጋና ቁምሳጥኑ ይመለሳል። አንቺም ወደ ብርጭቆ ወረቀትሽ።"

"እሺ፣ ጋሽዬ።"

"ሐሙስ ማዕረግ ንቦቹን ይዞ ይመጣል። ባዶ ቀፎ አይደለም፣ ንብ ነው ይዞ የሚመጣው! የት ላስቀምጣቸው? አልጋዬ ላይ?"

ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ በላይነሽ ሥራ አልሠራችም። የተበላሹትን ሉሆች ቁርጥራጭ ደርድራ አየች። ራውተሩ በመጣበት ሣጥን ውስጥ የነበረችውን፣ ማንም ያላነበባትን ባለ ሥዕል ወረቀት ፈልጋ አወጣች። ወረቀቷ ላይ ፑንታዎች ተደርድረዋል፤ በየጎናቸው የግንድ ሥዕል፣ የብረት ሥዕል፣ የጠርሙስ ሥዕል አለ። ከጠርሙሱ ሥዕል ጎን ያለችው ፑንታ ስለቷ አንድ ብቻ ነው። ድሮ አይታት የማተሚያ ቤት ስህተት መስላት ነበር። አሁን ጠርሙሱ ፕላስቲክ መሆኑ ገባት። አገላብጣ ስታስበውም ነገሩ ትክክል ሆነባት፤ ስለቱ ሲበዛ እያንዳንዱ የሚወስደው ፍርፋሪ ይደቅቃል፣ መውጫ ያጣል፣ እዚያው ይታሻል፣ ይግላል። እንጨት ሲግል ይጠቁራል፤ ፕላስቲክ ሲግል ይቀልጣል።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ወደ ዮሲ ሄደች።

"ዮሲዬ፣ እንዴት ዋልክ?"

"'ዮሲዬ' ካልሽ ነገር አለ። ዛሬ ምንም አልሸጥልሽም።"

"የምፈልገውን ሳትሰማ?"

"ሳልሰማ። አንቺን ስሰማ ነው የምበላው።"

ባንኮኒው ላይ የዱቄት ወተት ጣሳ ነበር። ጣሳው ውስጥ አዳዲስ የሚያብረቀርቁ ፑንታዎች ቆመዋል፤ ሁሉም አንድ ወገናቸው ስለት፣ ሌላው ወገናቸው ልሙጥ። በላይነሽ ዓይኗን ለማንሳት ጊዜ ወሰደባት።

"እነዚህስ?" አለች።

"ብልሹ ናቸው። ተመልከቺ፣ ግማሽ ጥርስ። ጂማ ያሉት ሰዎች ሞኝ ያገኙ መስሏቸው ነው የላኩብኝ። ነገ ለሚኒባሱ ሹፌር እሰጠውና በደህናው ያስቀይርልኛል።"

በላይነሽ እዚያው ቆማ አሰበች። "አዎ፣ ብልሹ ናቸው፣ አንዱን ለልብስ መስቀያ ስጠኝ" ብትለው ዮሲ ወዲያው ይነቃል፤ የናቀችው ነገር ወርቅ መሆኑን ያውቃልና ጣሳውን ጉያው ውስጥ ይደብቀዋል። ሌላ ዕቃ የምትፈልግ መስላ ብትዞርም ይነቃል፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ያጠናት እሷን ነው። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

"ዮሲ፣ እውነቱን ልንገርህ። ብልሹ አይደሉም። አንድ ስለት እንዲኖራቸው ተብለው ነው የተሠሩት፣ ለፕላስቲክ። ጠባብ በር ላይ ሁለት ሰው እኩል ልውጣ ሲል አይተሃል? ሁለቱም ይቀረቀራሉ። አንድ ሲሆን ይወጣል። አንዱ ስለት ትልቅ ፍርፋሪ ይነክሳል፣ ልሙጡ ወገን መንገድ ይሰጠዋል፣ ፍርፋሪው ሙቀቱን ይዞ ይወጣል። እዚህ ከተማ ሌላ የለም። ወደ ጂማ አትላካቸው። አንዱን ሽጥልኝ፤ እሱ ከሌለ ራውተሬን ይሸጡብኛል።"

ዮሲ ፊቷን መረመረ፤ ምንም አልተጻፈበትም። ከዚያ ጉልበቱን ይዞ ሳቀ፤ ቀለም የሚመርጡ ሁለት ሰዎች ዞረው እስኪያዩት።

"ስለት የሌለው ይሻላል! ነገ ደግሞ እጀታ የሌለው መዶሻ ይሻላል በይኝ! 'ራውተሬን ይሸጡብኛል' ደግሞ አለችበት! እንባም ብትጨምሪበት ያምርብሽ ነበር።"

"እውነቴን ነው።"

"እውነትሽን ከሆነ እንኪ!" አንዱን ፑንታ ከጣሳው መዝዞ እጇ ላይ አኖረው። "በነፃ ነው። ነገ ጠዋት እኔ ቆሜ እያየሁ ትቆርጪበታለሽ። ካቀለጠ፣ ቅዳሜ ገበያ መሃል ቆመሽ 'የውሃ ልኩን ነገር እኔ ነኝ የፈጠርኩት፣ ዮሲ ሞኝ አይደለም' ትያለሽ። ጮክ ብለሽ። ለባጃጆቹም ለየብቻ።"

"ከቆረጠስ?"

ዮሲ ይህን አላሰበበትም ነበር። "ከቆረጠ… ጣሳውን በሙሉ ይዘሽ ሂጂ።"

"ለሹፌሩ እንዳትሰጠው እንግዲህ።"

"ከቅዳሜ በፊት የትም አይሄድም። አንቺን ገበያ መሃል ሳላይ የትም አልልከውም!"

በዚያ ሳምንት መብራት የሚመጣው ከንጋቱ አስራ ሁለት ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ድረስ ነበር። ሐሙስ ንጋት ዮሲ ከመብራቱ ቀድሞ ደረሰ። አዲስ ሸሚዝ ለብሷል። ጋሽ ግዛቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው በሩ ላይ ቆመው ፑንታዋን በሁለት ጣት ይዘው አገላበጧት።

"ይቺ የተሰበረች ናት እኮ።"

"እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው፣ ጋሽ ግዛቸው" አለ ዮሲ በደስታ።

መብራቱ መጣ። በላይነሽ መጀመሪያ ከተበላሸው ሉህ ላይ አንድ ቁራጭ በሞርሳ አስነክሳ ሞከረች። ራውተሩ ጮኸ። "ቀስ!" አሉ ጋሽ ግዛቸው። "ቀስ በይ፣ እንዳትሰብሪው!" ሰባት ዓመት የለመደችው ድምፅ ነውና እጇ ታዘዘ፤ ቀስ አለች። ወዲያው ያ ሽታ መጣ። መንገዱ ዳር ዳሩን እንደ ሻማ ማንጠባጠብ ጀመረ።

አጠፋችው።

"ቅዳሜ በስንት ሰዓት ይመችሻል?" አለ ዮሲ። "ረፋድ ላይ ሰው ይበዛል።"

በላይነሽ ጎንበስ ብላ የተቆረጠውን አየች። መጀመሪያ ሦስት ጣት የሚያህለው፣ ጋሽ ግዛቸው ሳይጮኹ በፊት የተቆረጠው፣ ጥርት ብሏል። ሥሩ ላይ የወደቀው ፍርፋሪ እንደ ጥፍር ቁራጭ ደንደን ያለ ነው። "ቀስ" ከተባለበት ጀምሮ ያለው ግን ዱቄትና ክር ነው። እናቷ እንሰት ስትፍቅ ታስታውሳለች፤ እጇ የሚያመነታ ልጅ ግንዱን ትሞዥቀዋለች፣ ቃጫውንም ታበላሸዋለች፤ ሳትፈራ ወደ ታች የሳበች ልጅ ግን ቃጫው ንጹሕ ሆኖ ይቀርላታል። ፑንታዋ ብልሹ አይደለችም። ያቀለጠው ፍርሃቱ ነው። ስለቷ አንድ ቦታ ላይ ከቆየች እዚያው ትታሻለች፤ ከሄደች ትነክሳለች።

ስልክ ጮኸ። ማዕረግ ነበር፤ ንቦቹን ጭኖ መንገድ ጀምሯል። የግድግዳው ሰዓት አንድ ሰዓት ከሩብ ይላል። ሁለት ሰዓት ላይ መብራቱ ይሄዳል።

የመጨረሻውን ሉህ ጠረጴዛው ላይ አስተኛች። መከላከያ ወረቀቱን አልላጠችም። ቀጥ ያለ ጣውላ በጎኑ እንደ ሐዲድ አሰረች፣ ሉሁ እንዳይንቀጠቀጥ አራቱንም ጥግ በሞርሳ አጠበቀች። የራውተሩን የፍጥነት ቁልፍ ከስድስት ወደ ሁለት መለሰችው።

"አሁን ደግሞ ማሽኑን ልታስተኚው ነው?" አሉ ጋሽ ግዛቸው።

"ማሽኑ ቀስ ይላል፣ ጋሽዬ። እኔ እፈጥናለሁ።"

"ተገላቢጦሽ ነው የምትሠሪው!"

"አዎ።"

አስነሳችውና ገፋችው። በጥንቃቄ አልነበረም፤ ጅብ እንዳባረረው ሰው ነበር። ፍርፋሪው እየተስፈነጠረ የዮሲን አዲስ ሸሚዝ፣ የጋሽ ግዛቸውን ጋቢ፣ ወለሉን እንደ በረዶ ሸፈነው። ጋሽ ግዛቸው ጭንቅላታቸውን ያዙ። "አበደች! ኧረ ሉሁን ጨረሰችው! አንቺ ልጅ አቁሚ!" ብለው የመሣሪያውን ሶኬት ሊነቅሉ ወደ ግድግዳው ሮጡ።

ያኔ ቢነቅሉት ፑንታው መሃል መንገድ ላይ ቆሞ በገዛ ሙቀቱ ይጣበቅ ነበር፤ ሉሁም፣ ራውተሩም፣ በላይነሽም አለቀላቸው። ግን ዮሲ መሃል ገብቶ ሁለት ክንዱን ዘረጋ።

"አይነቅሉም፣ ጋሽ ግዛቸው! ትጨርስ!"

"ልቀቀኝ አንተ! ንብረቴ ነው!"

"እርስዎ ካጠፉባት ነገ 'ጋሼ አጥፍተውብኝ ነው እንጂ ይቆርጥ ነበር' ትላለች! አውቃታለሁ እኮ! እስከ መጨረሻው አበላሽታው፣ ራሷ አበላሽታው ማየት አለብኝ!"

ሽማግሌው በግራ ሲሄዱ በግራ፣ በቀኝ ሲሄዱ በቀኝ እየተጋፋቸው፣ በላይነሽ የመጀመሪያውን ግድግዳ ጨረሰች። ሁለተኛውን ጨረሰች። ክዳኑን ጀመረች። ዮሲ ሶኬቱን በጀርባው ከልሎ እንደ ግብ ጠባቂ ቆሟል። አንድ ሰዓት ከሃምሳ ላይ ራውተሩ ዝም አለ።

በላይነሽ ሞርሳውን ፈታች። ቁራጩን በሁለት ጣት ገፋ አደረገችው። ቁራጩ ያለ ምንም ማንገራገር ከሉሁ ተለይቶ ተንሸራተተ፤ ዮሲ እግር ላይ ሊወድቅ ሲል ያዘችው። ወረቀቱን ላጠችው። ጠርዙ ጥርት ያለ ነበር፤ በእሱ ውስጥ የጋሽ ግዛቸው አፍ ተከፍቶ ይታያል።

ጋሽ ግዛቸው ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። እንደገና ዳሰሱት።

"ብርጭቆ ወረቀት አይፈልግም" አሉ በመጨረሻ፣ ለራሳቸው ይመስል።

ዮሲ ሸሚዙ ላይ የተሰካውን ፍርፋሪ አንድ በአንድ እየለቀመ፣ "እውነት ነበር እንዴ የነገርሽኝ?" አላት።

"ነገርኩህ እኮ።"

"እንደሱ ዓይነት ነገር ለሰው ይነገራል?" ዮሲ ከልቡ ተቆጣ። "እውነት መሆኑን እያወቅሽ? ይሄ ነው ተንኮል ማለት!"

"ጣሳውን አሁን ታመጣዋለህ ወይስ ልምጣ?"

ሄዶ አመጣው። በመንገድ ላይ ምን እንዳለ የሚያውቅ የለም፤ ከባጃጆቹ አንዱ ግን ብቻውን ሲያወራ አየሁት ብሏል። በላይነሽ ጣሳውን ተቀበለች፣ ፑንታዎቹን ፊቱ ላይ ቆጠረች፣ ከንፈሯን መጠጠች።

"ምነው?" አለ ዮሲ፣ ሳያስበው።

"ምንም። ደህና ናቸው።"

እስከ ረፋድ ቀፎውን ገጣጠሙት። ማዕረግ አምስት ሰዓት ላይ፣ አፉ በጨርቅ የታሰረ ቀፎ ባጃጅ ውስጥ ጭኖ፣ እንደ ሙሽራ ቀስ እያለ ደረሰ። የባጃጁ ሹፌር ላቡ ጠብ ጠብ ይላል። ንቦቹን ወደ አዲሱ ቤታቸው ሲያስገቡ በላይነሽ ብቻ ቀረበች፤ ጋሽ ግዛቸው ከበሩ ውጭ ሆነው ትእዛዝ ይሰጡ ነበር። ንቦቹ ተረጋግተው ጥርት ባለው ግድግዳ ላይ ሲሄዱ መጀመሪያ የቀረበው ዮሲ ነው። አፍንጫውን ፕላስቲኩ ላይ ለጥፎ ሲያይ አንዲት ንብ ከወዲያ በኩል አፍንጫው ድረስ መጣችበት፤ ዮሲ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ዘሎ ሰጋቱራው ላይ ተቀመጠ።

"አትወጣም እኮ" አለው ማዕረግ።

"ማን ቆረጠውና ነው የማምነው!"

ሁሉም ሳቁ፤ ጋሽ ግዛቸውም ከውጭ ሆነው ሳቁ። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ጥቂት ራቅ አሉ። የጊምቦው ሰውዬ በስልኩ ውስጥ ሲጮህ ይሰማል።

"አይ፣ አልሸጥም" ይሉታል። "አይደለም፣ ዋጋው አይደለም። ልጅቷ አትሰጥም። … የኔ ነው እንጂ፣ የኔ ነው። ግን አትሰጥም አልኩህ።"

ማዕረግ ቀፎውን ጭኖ ወደ ባዛሩ ሄደ። ዮሲ መደብሩን ሊከፍት ሄደ። በላይነሽ ወለሉን ጠረገች፣ ፍርፋሪውን ከሰጋቱራው ለይታ በማዳበሪያ ከረጢት አደረገች፣ ፑንታዋን ከራውተሩ ፈትታ በጨርቅ ጠረገቻት። ከማክሰኞ ጀምሮ ዓይኗን በቅጡ አልከደነችም ነበር። ጋሽ ግዛቸው ምሳ በልተው ሲመለሱ ጣውላ ክምር ላይ ተጋድማ አገኟት፤ ጋቢያቸውን ጣል አደረጉባትና ያን ቀን መዶሻ የሚያነሳ ሰው እንዳይኖር አዘዙ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ነበር።